ከተማችን ላቦራቶሪ አይደለችም

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "መጣ!" ይላል። ልጆች ይጮሃሉ። ጎረቤት ሳያጠፋው የሄደው ቴሌቪዥን ያንባርቃል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ግን በየቤቱ አንዲት እናት "ቆይ! ፍሪጁን እንዳትሰኩት!" ትላለች። መጀመሪያ አንድ አምፖል ይበራል። አምፖሉ ካልፈዘዘ፣ ካልተንቦገቦገ፣ ትንሽ ይጠበቅና ቴሌቪዥኑ ይሰካል። ፍሪጁ የመጨረሻው ነው።

ይህ ሕግ የወጣው በኪሳራ ነው። ከመካከላችን ፍሪጅ ወይም ቻርጀር ወይም ላፕቶፕ ያልተቃጠለበት የለም። እናቶቻችን ኢንጂነሪንግ አልተማሩም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ውዱን ዕቃ ከማታውቀው ኃይል ጋር ከማገናኘትህ በፊት፣ ቢበላሽ በማያስለቅስ ነገር ሞክር። እኛ ዛሬ የምንጽፈው በቤት ደረጃ የገባን ይህ ነገር በአገር ደረጃ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋብን ነው።

ምክንያቱም አገር ላይ ሲሆን ወሬያችን ሁሉ ሜጋዋት ነው። ስንት ሜጋዋት? ስንት ኪሎ ሜትር? ስንት ቢሊዮን ብር? ሪባኑ ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። "ይህ መሣሪያ ከቋቱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በምን ተፈተነ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ደግሞ መልሱ "ሥራ ሲጀምር እናየዋለን" መሆን የለበትም እንላለን። ሥራ ሲጀምር የሚያየው ማን ነው? ኦፕሬሽን ክፍል ያለ በሽተኛ፣ ሊፍት ውስጥ ያለች ነፍሰ ጡር፣ ምጣድ ላይ ሊጥ ያፈሰሰች እንጀራ ጋጋሪ ናቸው። ከተማችን ላቦራቶሪ አይደለችም።

ነገሩ ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ስለዚህ ኢንጂነር ጓደኞቻችንን አስቸግረን እኛ በገባን መንገድ እናስረዳ።

አንድ ኢንጂነር ኮምፒውተር ላይ የኃይል መረብ ይሠራል። ጄኔሬተሩ፣ መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩ ሁሉም በቀመር ይቀመጣሉ። "እዚህ ጋ ሽቦ ቢበጠስ ምን ይሆናል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ግራፍ ያወጣል። ይህ ሲሙሌሽን ነው። ያለ እሱ ምንም ማቀድ አይቻልም። ችግሩ፣ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ራሱ መሣሪያው አለመሆኑ ነው። አምራቹ ስለ መሣሪያው የተናገረው ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ ከሕዝብ ግንኙነት ቢሮ የመጣ መግለጫ ማለት ነው። መግለጫ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን ከመግለጫ ብቻ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ሁለተኛው መንገድ መሣሪያውን ራሱን አምጥቶ ከሲሙሌሽኑ ጋር ማገናኘት ነው። ሪሌይን እንውሰድ። ሪሌይ መስመር ላይ አደጋ ሲያይ ብሬከሩን "ክፈት" ብሎ የሚያዝ ሳጥን ነው። እውነተኛው ሪሌይ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ የመረቡን ሁኔታ በየ50 ማይክሮ ሰከንዱ ያሰላል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በአንዱ ምልልስ ውስጥ 400 ጊዜ ያሰላል ማለት ነው። ስሌቱ በአምፕሊፋየር ያልፍና እውነተኛ ቮልቴጅና ከረንት ሆኖ ወደ ሪሌዩ ይገባል። ሪሌዩ ሰብስቴሽን ውስጥ የተተከለ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ መብረቅ ይወርዳል፤ ሪሌዩ "ክፈት" ይላል፤ ትእዛዙ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ጋ ይደርስና የውሸቱ ብሬከር ይከፈታል። ብሬከሩ በመከፈቱ መረቡ የሆነውን ደግሞ ሪሌዩ ያያል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ተራ ሲሙሌሽን የአንዲት ሰከንድ ክስተት ለማስላት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ማንም አይጎዳም፤ ቡና ጠጥቶ መመለስ ነው። እውነተኛ ሪሌይ ግን "ቆይ፣ እያሰላሁ ነው" አይባልም። የውሸቱ መረብ እንደ እውነተኛው መረብ በሰዓቱ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ማታለሉ ይከሽፋል።

የሚፈተነው ኢንቨርተር ወይም ባትሪ ሲሆን ደግሞ ከምልክት አልፎ ኃይል ራሱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይህ ከባድ ነው። በመሀል ያለው አምፕሊፋየር ጥቂት ቢዘገይ ምልልሱ ራሱ ሊናወጥና እውነተኛውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ገዝቶ መቆለፍ አይበቃም፤ ለዓመታት የሠራበት እጅ ይፈልጋል።

ትናንት የተፈጠረ ነገርም አይደለም። ካናዳ ዊኒፔግ ውስጥ በ1980ዎቹ የተጀመረው ምርምር በ1994 አርቲዲኤስ የተባለውን ኩባንያ ወለደ። በ1997 ሞንትሪያል ውስጥ ኦፓል አርቲ ተመሠረተ። (ዓ.ም. ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማለትም ቴክኖሎጂው ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል።

መግለጫው ላይ ያልነበረው ቁጥር

"ታዲያ ግራፉ ካለ ሌላው ለምን ያስፈልጋል?" ለሚል ሰው ደቡብ አውስትራሊያን እንነግረዋለን።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከባድ አውሎ ነፋስ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማማዎችን ጣለ። ቮልቴጁ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወደቀ። የነፋስ ተርባይኖቹ የመጀመሪያዎቹን ውድቀቶች ተቋቋሙ። ከዚያ ግን ዘጠኝ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 456 ሜጋዋት ቀነሱ። ጉድለቱን ለመሸፈን ከጎረቤት ግዛት ከቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ከአቅሙ በላይ ተጫነና ተቆረጠ። ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። 850 ሺህ ያህል ደንበኞች መብራት አጡ።

ፖለቲከኞቹ ወዲያው ጣታቸውን ነፋስ ላይ ቀሰሩ። የአውስትራሊያ የኃይል ገበያ ሥርዓት አስተዳዳሪ መርምሮ ያገኘው ግን ሌላ ነው። በተርባይኖቹ መቆጣጠሪያ ውስጥ "በአጭር ጊዜ ከዚህ ቁጥር በላይ የቮልቴጅ ውድቀት ካየህ ኃይል መስጠት አቁም" የሚል ቅንብር ነበር። አስተዳዳሪው ይህ ቅንብር መኖሩን አያውቅም ነበር። በእጁ የነበረው ሞዴል አያሳየውም፤ መሣሪያው ውስጥ ግን ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። በኋላ ቅንብሩ ተስተካከለ። ተርባይኖቹ ያው ናቸው፣ ነፋሱም ያው።

ያንን መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቮልቴጁን ስድስት ጊዜ በተከታታይ የሚጥልበት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ቁጥሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያጋልጥ ነበር። ማንም አይጨልምበትም። ቢበዛ አንድ ኢንጂነር "ወይ ጉድ!" ብሎ ስልክ ይደውላል።

በዚያው ዓመት ኦገስት 16 ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነሳ ሰደድ እሳት የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮችን አወከ። ወደ 1,200 ሜጋዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ጠፋ። ትልቁ ድርሻ የጠፋው ኢንቨርተሮቹ ፍሪኩዌንሲው ወድቋል ብለው ስላመኑ ነበር። አልወደቀም ነበር። በአደጋው ቅጽበት የተጣመመውን ሞገድ አይተው በችኮላ ለክተው ተሳሳቱ። እንዲህ ዓይነቱን የተጣመመ ሞገድ ለእውነተኛ ኢንቨርተር አስቀድሞ ማሳየት፣ የምንለው ላቦራቶሪ የየዕለት ሥራ ነው።

ኦገስት 9 ቀን 2019 እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መብራቱ ተመለሰ፤ ባቡሮቹ ግን እስከ ማታ ታመሱ። ለምን? ፍሪኩዌንሲው ወደ 48.8 ኸርዝ ሲወርድ አንድ ዓይነት ዘመናዊ ባቡሮች በሶፍትዌራቸው ምክንያት ራሳቸውን ቆለፉ። የተወሰኑትን ለማስነሳት ባለሙያ ላፕቶፕ ይዞ ባቡሩ ድረስ መሄድ ነበረበት። መንገደኛው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

በሦስቱም ቦታ ነገሩን ያባባሱት መሣሪያዎች የተሰበሩ አልነበሩም። እንደታዘዙት ነው የሠሩት። ትእዛዙን ግን ማየት የሚገባው ሰው አላየውም። የዛሬ መሣሪያ ብረትና መዳብ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ሶፍትዌር አለ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ቀን የጻፈው ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር የሚያጋልጠው የምርመራ ሪፖርት ከሆነ፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

"ይሄ የሀብታም አገር ወሬ ነው" እንዳትሉን።

ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ እኛ በዓውደ ዓመት ዶሮ ዋጋ ስንከራከር፣ ኬንያ ውስጥ ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ጣቢያ 288 ሜጋዋት የተሸከመው መስመር ሱስዋ ሰብስቴሽን ላይ ተቆረጠ። ተከትሎት 200 ሜጋዋት ይዞ የገባው ሌላ መስመር ተቆረጠ። በድምሩ 488 ሜጋዋት፣ ማለትም በሰዓቱ ከነበረው የኬንያ ፍላጎት ከሩብ በላይ ጠፋ። ናይሮቢን ጨምሮ አብዛኛው አገር ጨለመ።

ያ ሁለተኛው መስመር የእኛ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርሰው፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥታ ከረንት 2,000 ሜጋዋት እንዲሸከም የተሠራው መስመር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል መሸጥ ሲጀምር ሁላችንም ኮርተንበታል። ነጥባችን ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። ነጥባችን ከዚህ በኋላ ሱስዋ ላይ የሆነ ነገር ሶዶ ላይ እንደሚሰማ፣ ሶዶ ላይ የሆነውም ሱስዋ እንደሚደርስ ነው። በሁለቱ ጫፍ የተቀመጡት ጣቢያዎች ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። ትእዛዛቸው ከነባር ጄኔሬተሮቻችን፣ ከአዳማ፣ ከአሸጎዳና ከአይሻ የነፋስ ተርባይኖች መቆጣጠሪያ ጋር አንድ ቋት ላይ ይገናኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ 5,150 ሜጋዋቱን ይዞ እዚያው ቋት ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ በየጋራዡ የሚሰካው የመኪና ቻርጀርም በራሱ ሶፍትዌር የሚያስብ መሣሪያ ነው።

እንዲህ ዓይነት መስመር ያላቸው ሌሎች ምን ያደርጋሉ? ስኮትላንድ ውስጥ ከምበርኖልድ በምትባል ከተማ ለዚሁ ሥራ የቆመ ማዕከል አለ። መስመሮቹ ላይ ካሉት የመቆጣጠሪያ ካቢኔቶች ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ መንትያ ካቢኔቶች እዚያ ተቀምጠው ከእውነተኛ ሰዓት ሲሙሌሽን ጋር ተገናኝተዋል። የፈረንሳይ የኃይል ማስተላለፊያ ድርጅትም ከስፔን ጋር ለሚያገናኘው መስመር እንደዚሁ መንትያ አለው። መረቡ በተለወጠ ቁጥር፣ ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞከረው መንትያው ላይ ነው። የእናቶቻችን አምፖል ማለት ይኸው ነው።

ሦስት መልሶች፣ ሦስት ክርክሮች

ይህን ሐሳብ ስናነሳ ሁልጊዜ ሦስት መልስ እንሰማለን።

የመጀመሪያው "አምራቹ ፋብሪካው ውስጥ ፈትኖታል" የሚል ነው። ልክ ነው። የታወቁ አምራቾች የቀጥታ ከረንት መቆጣጠሪያዎችን ከመላካቸው በፊት ከእውነተኛ ሰዓት ሲሙሌተር ጋር አገናኝተው ይፈትናሉ። የፈተኑት ግን በዚያን ቀን በነበረው መረብ ሞዴል ነው። መረብ እንደ ልጅ ያድጋል፤ ዘንድሮ የለካኸው ልብስ ከርሞ አይሆነውም። ኮንትራክተሩ ሥራውን አስረክቦ፣ ዋስትናው አልቆ ይሄዳል። ከመሣሪያው ጋር ሠላሳ ዓመት የምንኖረው እኛ ነን። "ሲሸጥልኝ ይሠራ ነበር" ብሎ የሚጽናና መኪና ገዢ አይተን አናውቅም።

ሁለተኛው "ውድ ነው" የሚለው ነው። ሙሉው መሣሪያ በእርግጥ ውድ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ካልተሟላ ብሎ ምንም አለመጀመር የሰነፍ ምክንያት ነው። ዘመናዊ ሰብስቴሽኖች አይኢሲ 61850 በተባለው ደረጃ የሚሠሩ ሲሆን፣ የቮልቴጅና የከረንት ልኬት በኔትወርክ ገመድ በሰከንድ 4,000 ጊዜ ይላካል። ይህ ማለት ለእንዲህ ዓይነት ሪሌይ ውድ አምፕሊፋየር እንኳ ሳያስፈልግ፣ ትንሽ የውሸት መረብ የተጫነበት ኮምፒውተርና የኔትወርክ ገመድ ይዞ ሥራ መጀመር ይቻላል ማለት ነው። ይህን ቋንቋ የሚናገር ነፃ ሶፍትዌርም አለ። አንድ ሪሌይ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ተማሪ ይዞ የሚጀምር ላቦራቶሪ ኬንያ ላይ የሆነውን አያስቀርም። ከአምስት ዓመት በኋላ የትልቁ ላቦራቶሪ ባለሙያ የሚሆኑት ግን እነዚያ አራቱ ናቸው።

ሦስተኛውና ጠንካራው "የእኛ ችግር ይሄ አይደለም፤ የእኛ ችግር የበሰበሰ ምሰሶና ያረጀ ትራንስፎርመር ነው" የሚለው ነው። ይህን የሚሉትን እናከብራቸዋለን፤ ብዙዎቹ ዝናብ ላይ ምሰሶ ላይ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ላቦራቶሪ ምሰሶ አይተክልም። ሆኖም ምሰሶ ሲወድቅ የሚጨልመው ሰፈር ነው፤ የተሳሳተ ቅንብር ግን አገር ያጨልማል። አውስትራሊያም ውስጥ መጀመሪያ የወደቀው ማማ ነበር። ማማው መውደቁን ወደ ግዛት ጨለማ የለወጠው ቅንብሩ ነው። ምሰሶ በሚወድቅበት አገር እንዲያውም ሪሌዩ ከሌላው አገር ይልቅ በደንብ የተፈተነ መሆን አለበት፤ ሥራ ይበዛበታላ!

ልጆቹስ?

ከሁሉ የሚያንገበግበን ይህ ነው። አንድ ወዳጃችን የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በሪሌይ ላይ ነው። መቶ ምናምን ገጽ፣ በባለ ቀለም ግራፍ ያሸበረቀ፣ ከፍተኛ ውጤት ያገኘ። ሁሉንም የሠራው ላፕቶፑ ላይ ነው። "ሪሌይ ነክተህ ታውቃለህ?" ስንለው ሳቀ። "አንዴ ጉብኝት ሄደን በመስታወት አይቻለሁ" አለን። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

ይህ ልጅ ነገ ሰብስቴሽን ውስጥ ሲቀጠር ቅንብር እንዲያስገባ ይታዘዛል። የሚማረው የት ነው? እዚያው፣ በእኛ መብራት ላይ። ቢሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? ዶክተር ያለ ሬሳና ያለ ሆስፒታል አይመረቅም፤ አብራሪ በሲሙሌተር ሳይሰለጥን መንገደኛ አይጭንም። የአገር ቋት ላይ ቁጥር የሚያስገባ ኢንጂነር ግን በስክሪን ሾት ይመረቃል። እንዲህ ሆኖ ሲያበቃ "የውጭ ባለሙያ ለምን ይመጣል?" ብለን እናማርራለን።

ምን እንላለን?

የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ ከቋቱ ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ትልቅ በኮንቨርተር የሚሠራ መሣሪያ፣ የነፋስም ይሁን የፀሐይ፣ የባትሪም ይሁን የቀጥታ ከረንት መስመር፣ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይኑር። እውነተኛው መቆጣጠሪያ ከእኛ መረብ ሲሙሌሽን ጋር ተገናኝቶ ይፈተን፤ ፈተናው ላይ የእኛ ኢንጂነሮች ቁጭ ብለው ያበላሹት፣ ይነካኩት፣ ስድስት ጊዜ ቮልቴጅ ይጣሉበት። ሁለተኛ፣ ለትልልቆቹ መንትያ ካቢኔት አገር ውስጥ ይቅር። ሲገዛ አብሮ ሲጠየቅ ከጠቅላላው ዋጋ ጎን ትንሽ ነው፤ በኋላ ለብቻው ሲለመን ነው የሚወደደው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ አይሁንብን። ሦስተኛ፣ ያ ላቦራቶሪ ቁልፉ አንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ የሚቀር ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባበት ይሁን። ተማሪ የማይገባበት ላቦራቶሪ ከአምስት ዓመት በኋላ የአቧራ መጋዘን ነው።

ለባለሥልጣንና ለኢንጂነር ብቻ ጣት ቀስረን ብንጨርስ ግን ራሳችንን ማታለል ነው። ሪባን ሲቆረጥ ማይክራፎን ይዘን የቆምነው እኛ የጋዜጠኝነት ልጆች ነን። "ስንት ሜጋዋት?" ብለን ጠይቀን፣ መልሱን ጽፈን፣ ምሳችንን በልተን የተመለስነው እኛ ነን። ኃላፊው ላልተጠየቀው ጥያቄ አይመልስም። ስለዚህ በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ከመካከላችን የሚሄድ ሰው አንድ ጥያቄ ጨምሮ ይሂድ፦ "ከእኛ ቋት ጋር ከመገናኘቱ በፊት በምን ተፈተነ? ሲፈተን ምን ተበላሸ?" ሁለተኛዋን እንዳትረሷት። "ምንም አልተበላሸም" የሚል መልስ ከሰማችሁ ፈተናውን ማን እንዳወጣው ጠይቁ።